ሀብትና ነፍስ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉን?

ሀብት መፈለግና ለነፍስ መኖር አብረው ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በዓውደ ምሕረትና በመስጊድ የሚነሣ፣ የሊቃውንትም ጉዳይ ተደርጎ የሚታይ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው በየቤቱ፣ በጓዳና በምድጃ ዙሪያ መሆኑን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ድግሱ ምን ያህል ይሁን? በሬው ይሸጥ ወይስ ይቆይ? ልጁ ትምህርት ቤት ይዋል ወይስ ከብት ይጠብቅ? እነዚህ የገንዘብ ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ ነገር ግን የነፍስም ጥያቄዎች ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ ተነሥተን ይህንኑ ጉዳይ ከቤተሰብ ኑሮ ጋር እያገናዘብን እንመለከታለን።

አንድ በሬ የቀረላት ቤት

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በፋርጣ ወረዳ ገጠር ትኖር የነበረች አክስቴ ባሏ በአጭር ሕመም ሞተባት። የቀሩላት አራት ልጆች፣ ለገብስና ለድንች የምትሆን ጥቂት መሬት፣ ሁለት የእርሻ በሬዎችና አንዲት ላም ነበሩ። የአርባው ተዝካር ሲቃረብ የሟች ዘመዶች ተሰብስበው ምክር ያዙ። እኔም በዚያን ጊዜ ልጅ ነበርሁና ከእናቴ ጋር ሄጄ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ምክሩ ስለ ጸሎት አልነበረም። ስንት ሰው ይጠራል፣ ስንት ጋን ጠላ ይጠመቃል፣ ምን ይታረዳል የሚል ነበር። «እንደ ሌላው ካልደገስን ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ቃል በዚያች ምሽት ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ አላስታውስም። አክስቴ እንግዶቹን ቡና እያጠጣች ዝም ብላ ነበር። «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም።

ተዝካሩ ወጣ። አንደኛው በሬ ታረደ፤ ለእህሉ፣ ለጌሾውና ለበርበሬው የሚሆን ገንዘብ በወለድ ተበደረች። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መርቆም ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ በቤቱ ውስጥ የቀሩት ያልታጠቡ እንስራዎች፣ ዕዳና አንድ በሬ ነበሩ።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር መቀናጆ ገብቶ በየተራ ያርሳል። አክስቴ ግን በቤቷ እርፍ የሚጨብጥ ወንድ ስላልነበረ የሚቀናጃት ሰው አላገኘችም። ስለሆነም መሬቷን በእኩል ሰጠች፤ ይኸውም ከገዛ መሬቷ ከሚገኘው ምርት ግማሹን ለአራሹ ለቀቀች ማለት ነው። የቀረው ግማሽ ለዕዳውና ለቀለቡ አልበቃ ሲል የበኩር ልጇ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቶ በእረኝነት ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ይህ ድግስ ለነፍስ የተደረገ ነበር ወይስ ለስም? በሬውን ለማቆየት ብታስብ ኖሮ «ለገንዘብ ሳስታ የባሏን ነፍስ ረሳች» ትባል ነበር። በሬውን በማረዷ ግን መንፈሳዊ ሥራ እንደ ሠራች ተቆጠረላት። ሆኖም ድግሱ ያስቀረው ነገር ቢኖር የአንድ ልጅ ትምህርት ነው።

ጸሎቱና ድግሱ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሞተ ሰው የሚደረገው ዋናው ነገር ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ለነዳያን የሚሰጥ ምጽዋት ነው። ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባሉ የሚታሰቡት ቀኖች የጸሎትና የምጽዋት ቀኖች ናቸው። በሬ ማረድ፣ ጋን በጋን ላይ መደርደር፣ ከጎረቤት በልጦ ለመታየት መበደር ግን ልማድ የጨመረው እንጂ ሥርዓቱ ያዘዘው አይደለም። ልማዱ ሥር ሲሰድ ግን ምጽዋቱ ወደ ዳር ይገፋና ነዳያኑ ከበር ውጭ ቆመው ፍርፋሪ ሲጠብቁ፣ አጥንትና ጠጁ ለባለ ማዕረጉ ይቀርባል።

ከዚህም በላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ድግስ ሲባል ወጪው በብርና በኩንታል ይቆጠራል፤ የሴቷ ድካም ግን በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ብቅሉ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ጌሾው ይወቀጣል፣ ይጠነሰሳል፤ ድፍድፉ ይደፈደፋል፤ በመጨረሻም ጠላው ይጠመቃል። ውኃው ከምንጭ በእንስራ ይቀዳል፤ ማገዶው በጀርባ ይመጣል፤ እንጀራው ሌሊቱን ሲጋገር ያድራል። በደጋው ያሉት የወር በዓላትም እንዲሁ ናቸው። በዓሉ ሲውል ሞፈርና ቀንበር ያርፋሉ፤ ምጣድና እንስራ ግን አያርፉም። ለባል የዕረፍት ቀን የሆነው ለሚስት ድርብ የሥራ ቀን ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ «ኑሯችን መንፈሳዊ ነው» ሲል፣ የዚያ መንፈሳዊነት ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ስል በዓልና ማኅበር ይቅር ማለቴ አይደለም። የደብረ ታቦር ከተማ ራሷ ስሟን ያገኘችው ጌታ ክብሩን ከገለጠበት ከታቦር ተራራ ሲሆን፣ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረውም በዓል በስሟ ይጠራል። በቡሄ ዕለት እናቶች ሙልሙል ጋግረው በየደጁ እየዘፈኑ ለሚመጡት ልጆች ያድላሉ። ለዚህ በዓል በሬ የሸጠ፣ ዕዳ የገባ ቤት የለም። ባለጸጋውም ድሃውም ሙልሙል ይጋግራል፤ የማንም ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም። ደስታውም ከድግስ ደስታ አያንስም። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴም በመሠረታቸው ያለውን ተካፍሎ የመብላት ሥርዓት ናቸው። በጎውን ልማድ የሚያበላሸው ውድድር ሲገባበት ነው።

የሚናቀው እንጀራ

በደጋው ኅብረተሰብ ዘንድ ሌላም የቆየ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም ነግዶ ወይም በእጁ ሠርቶ ገንዘብ የሚያገኘውን ሰው ዝቅ አድርጎ መመልከት ነው። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ አንጥረኛው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ለገበያ የምታወጣ ሴትም «ገንዘብ ወዳድ» የሚል ስም ቶሎ ይለጠፍባታል።

ይህ ስድብ ነገሥታትን እንኳ አልማረም። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትና ደብረ ታቦርን ዋና ከተማቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። እናት ልጇን ለማሳደግ ኮሶ ሸጠች ቢባል ክብር እንጂ ነውር ባልሆነ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ብረት ማቅለጥና መድፍ ማሠራት የጀመሩት፣ የእጅ ሥራ የሚናቅበት አገር ራሱን ሊችል እንደማይችል ስለ ተረዱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

እስቲ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ይላሉ? መጽሐፈ ምሳሌ በመጨረሻው ምዕራፉ የሚያመሰግናት ባለሙያ ሚስት ከእጇ ሥራ ርቃ በጸሎት ብቻ የተቀመጠች ሴት አይደለችም። ሌሊት ተነሥታ ቤቷን የምታሰናዳ፣ ሱፍና የተልባ እግር ፈትላ የምትሸጥ፣ በእጇ ፍሬ እርሻ የምትገዛ፣ ያንጊዜም እጇን ለድሃ የምትዘረጋ ሴት ናት። በወንጌልም ጌታችን የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ከባለጸጎቹ መባ ያስበለጠው የገንዘቡን ብዛት አይቶ አይደለም። በአንጻሩ ያን ሀብታም ጎልማሳ እያዘነ የመለሰው ሀብት ስለ ነበረው ብቻ ሳይሆን ከሀብቱ መለየት ስላልቻለ ነው።

በእስልምናም ዘንድ የነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያ ባለቤት ኸዲጃ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ነግዶ ማትረፍ አልተከለከለም፤ ነገር ግን ከተጠራቀመ ገንዘብ ላይ ከአርባው አንዱ ለችግረኛ ዘካ ሆኖ እንዲወጣ ታዝዟል። በክርስትናውም ከአሥር አንዱ አሥራት ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሰው ሠርቶ እንዲያገኝ ይፈቅዳሉ፤ ካገኘው ላይ ግን የሌላው ድርሻ እንዳለበት ያስታውሱታል። ክፋቱ ገንዘቡ አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ ጌታ ሲሆን ነው። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የሚለው ተረት የሚተረተውም ገንዘብ ሁሉን ይገዛል ብሎ ለሚያስብ ሰው ነው።

ሁሉን ትተው የሄዱ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሀብትን ፈጽሞ ንቀው፣ ዓለምን ትተው ወደ ገዳም የገቡትስ? በጣና ደሴቶችና በዙሪያው ባሉ ገዳማት የሚኖሩ መነኮሳት ለዘመናት ያሳዩን ሕይወት ይህ አይደለምን? በእርግጥ ነው። ነገር ግን የገዳሙም ኑሮ ያለ ሥራና ያለ ንብረት እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። በአገራችን ገዳማት ሁለት ዓይነት አኗኗር አለ። በአንድነት ገዳም መነኮሳቱ በጋራ ያርሳሉ፣ በጋራ ይሠራሉ፣ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ «የእኔ» የሚባል የግል ንብረት የለም። በቁሪት ገዳም ደግሞ እያንዳንዱ ለራሱ ሠርቶ በራሱ ይተዳደራል። በሁለቱም ቢሆን እጅ አይታጠፍም።

ከዚህም ሌላ መነኩሴው ሀብትን ሲተው የሚተወው የራሱን ድርሻ ነው። አራት ልጆች ያሏት እናት ግን የምትተወው የራሷን ብቻ አይደለም፤ የልጆቿንም ጭምር ነው። በመሆኑም ለእርሷ የቤቷን በሬ መጠበቅ ስስት ሳይሆን አደራ ነው።

ቁልቁል ወደ አውራ አምባ

ይህንን ጥያቄ በቃል ብቻ ሳይሆን በኑሮ ለመመለስ የሞከረ አንድ ማኅበረሰብ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ይገኛል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ወረታ ሊደርሱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የምትገኝ፣ በፎገራ ወረዳ ያለች አንዲት መንደር አለች። ስሟ አውራ አምባ ይባላል። የተመሠረተችው በ1964 ዓ.ም. ሲሆን መሥራቿ አቶ ዙምራ ኑሩ ይባላሉ።

አቶ ዙምራ ገና በልጅነታቸው ያስጨነቃቸውን ነገር ደጋግመው ተናግረዋል። እናታቸው እንደ አባታቸው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በእርሻ ውለው ማታ ሲገቡ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን ወፍጮውን፣ ምድጃውን፣ ልጆቹን፣ የባልንም እግር ማጠብ ይቀጥላሉ። አንዱ ሥራ የጎደለ እንደሆነ ደግሞ ቁጣና ዱላ ይከተላል። ይህ ለምን ሆነ ብለው ቢጠይቁ መልስ አላገኙም። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች ለምን አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላም ጠይቀው ነበር። ቤተሰባቸው ልጁ አእምሮው ተነክቷል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። በኋላ ግን ሐሳባቸውን የሚቀበሉ ሰዎች አግኝተው መንደሪቱን መሠረቱ።

በአውራ አምባ ሥራ የሚከፋፈለው በጾታ ሳይሆን በችሎታ ነው። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ልጅ ይይዛል፤ ሴቷ ከሸማኔ ዕቃ ላይ ተቀምጣ ትሸምናለች፣ እርፍ ትጨብጣለች። ይህን ባነበብሁና በሰማሁ ቁጥር አክስቴ ትዝ ትለኛለች። ሴት እርፍ አትጨብጥም የሚለው ልማድ ባይኖር ኖሮ መሬቷን በእኩል ባልሰጠች ነበር።

የማኅበረሰቡ ኑሮ በመልካም ዕድል የተገኘ አይደለም። አባላቱ ከጎረቤት ብዙ ጥላቻ ደርሶባቸዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሕይወታቸው አደጋ ላይ በመውደቁ አካባቢውን ለቀው ወደ ቦንጋ ተሰደው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለሱ ከቀድሞ መሬታቸው የቀረላቸው ወደ 17 ተኩል ሄክታር ብቻ ነበር። ይህ መሬት ለዚያ ሁሉ ሰው እንደማይበቃ ስለ ተገነዘቡ ፊታቸውን ወደ እጅ ሥራና ወደ ንግድ አዞሩ። በዚያው ደጋ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ በሚሰደበው የሽመና ሥራ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ሌላም ጨርቅ እየሠሩ ሸጡ፤ የእህል ወፍጮ ተከሉ፤ ሱቅና የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። በ2000ዎቹ ዓመታት የነዋሪው ቁጥር ከ400 በላይ ደርሶ ነበር።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሀብት ፈልገዋል። በትጋት ፈልገዋል። ነገር ግን የተገኘው ሀብት የት ገባ? የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ትርፍ ለአባላቱ በእኩልነት ይከፋፈላል። ከሳምንቱ አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ገቢ ለአረጋውያንና ለችግረኞች እንዲውል ተመድቧል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ሕፃናት የሚማሩበት ቦታና ቤተ መጻሕፍት ተሠርተዋል። ሠርግ ያለ ድግስ ይፈጸማል፤ ሙሽሮቹ ተስማምተው ይፈራረሙና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሐዘንም ረጅም አይደለም፤ ተዝካርም የለም። ለሰው መደረግ ያለበት በሕይወት ሳለ ነው የሚል እምነት አላቸው። በየቤቱም ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር በየ15 ቀኑ ተቀምጠው ማን ምን አጠፋ፣ ማን ምን አሻሻለ እያሉ ይወያያሉ። በዚህ ውይይት ልጅም አባቱን መውቀስ ይችላል።

የሚያከራክረው ነጥብ

በሌላ በኩል አውራ አምባን ያለ ትችት ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የማኅበረሰቡ አባላት በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፤ ይሁን እንጂ በመንደራቸው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። በጎ ሥራ ራሱ አምልኮ ነው ይላሉ፤ ዓርብና እሑድም ይሠራሉ። ቅዳሴና ማሕሌት፣ ጾምና ስግደት የሕይወቱ መሠረት ለሆነው ለደብረ ታቦር ምእመን፣ እንደዚሁም አምስት ጊዜ ለሚሰግደው ሙስሊም ጎረቤቱ፣ ይህ ሊቀበለው የማይችለው ነገር ነው። የሰው ነፍስ በሥራና በደግነት ብቻ ትጠግባለች ብሎ መናገርም ቀላል አይደለም። ሰው ሲሞት አብሮ ማልቀስ፣ ለቀስተኛውን ማብላት፣ በእድሩ መረዳዳት ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚያቆም ነገር አለው።

ይሁን እንጂ ከአውራ አምባ ለመማር እንደ አውራ አምባ ማመን አያስፈልግም። ከእነርሱ የሚገኘው ትምህርት ባጭሩ ሦስት ጥያቄ ነው። ይህ ሀብት ሲገኝ ማን ደከመ? ሲበላ ማን በላ? ስለ አወጣጡ ሲመከር ማን ተጠየቀ? ሚስት ደክማ ባል ብቻ የሚያዝበት ሀብት፣ ባለቤቱ በየቀኑ ኪዳን ቢያስደርስበትም ቅንነት ይጎድለዋል። ሁለቱም ደክመው፣ ተማክረው፣ ለድሃውም አካፍለው የሚያዙበት ሀብት ግን ከጸሎታቸው ጋር አይጣላም። እንዲያውም ጸሎታቸው በሥራ የሚታይበት ነው።

ሕጉም በዚህ ረገድ ከሴቷ ጎን ቆሟል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ሰፍሯል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግም በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሀብት የጋራ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ደብተር በሳጥን ተቆልፎ ከተቀመጠና ሚስት በገበያ ቀን ስለ በሬው መሸጥ ከሰው አፍ የምትሰማ ከሆነ፣ ፎቶግራፉ ብቻውን የሚፈይደው ነገር አይኖርም።

በተለይ በአሁኑ ጊዜ ይህ ሒሳብ በየቤቱ መታሰብ ያለበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት የገበሬውን ገበያ፣ የነጋዴውን መንገድና የልጆችን ትምህርት ጎድቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ በሬ፣ አንድ ኩንታል እህል፣ አንድ የትምህርት ዓመት ቀድሞ ከነበረው ዋጋ የበለጠ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ሞት

ጽሑፌን የጀመርሁት በአክስቴ ነውና የምጨርሰውም በእርሷ ነው። ባሏ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ አብራት ትኖር የነበረችው አማቷ ሞተች። ዘመድ እንደገና ተሰበሰበ፤ «ለእናትማ እንዴት ያንሳል!» ተባለ። በዚያን ጊዜ አክስቴ ዕዳዋን ከፍላ፣ ድንችና እንቁላል ወደ ደብረ ታቦር ገበያ እያወጣች፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እቁብ እየጣለች፣ ሁለተኛውን በሬ መልሳ ገዝታ ነበር።

በዚህኛው ምክር ላይ ግን ቡና አፍልታ ዝም አላለችም። የነፍስ አባቷን አስጠራችና በሁሉም ፊት ጠየቀቻቸው፤

«አባ፣ የአባታቸው ተዝካር አንዱን ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጣብኝ። አሁን ደግሞ ሁለተኛይቱ ተራዋ ነው። እግዜር ይህን ይወዳልን?»

ቄሱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም «ልጄ፣ ጸሎቱን እኛ እናደርሳለን። አንቺ ለነዳያን የቻልሽውን አቅርቢ፤ ለምግባር መጠኑ አቅም ነው» አሉ። የተሰበሰበው ዘመድ አጉረመረመ፤ ሆኖም የነፍስ አባት ቃል ነውና የተከራከረ አልነበረም።

በአርባው ቀን ቅዳሴ ተቀደሰ፤ ፍታት ተፈታ። አክስቴና እናቴ ሁለት መሶብ እንጀራ ጋግረው ከሽሮ ወጥ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወሰዱ። የበሉት ነዳያንና የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ። ፍርፋሪ የጠበቀ አልነበረም፤ ማዕዱ የእነርሱ ነበርና። በሬዎቹም በማግሥቱ እርሻ ወጡ። አንዳንድ ጎረቤት አክስቴን ለወራት «ስስታም» ሲላት ከርሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከእነዚያው ጎረቤቶች አንዲቱ ባሏ ሲሞትባት መጥታ «እንዴት አድርገሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ሁለተኛይቱ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ዛሬ መምህርት ናት። ታላቅ ወንድሟ ግን ዛሬም የሰው መሬት በእኩል ያርሳል፤ እኅቱ የላከችለትንም ደብዳቤ የሚያነብለት የራሱ ልጅ ነው። ሁለቱም ከአንድ እናት ተወልደው በአንድ ቤት ያደጉ ናቸው። የለያያቸው የአንድ ቀን ድግስ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ሀብትና ነፍስ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉን ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ይኖራሉ የሚል ነው። የሚጣሉት ሀብቱ ለታይታ ሲውል ነው፤ ታይታውም የዓለም ብቻ ሳይሆን የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ሊመጣ ይችላል። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ይላሉ። ሀብትም እንዲሁ ነው። በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ሲጫን ሸክም ነው፤ ባልና ሚስት፣ ልጆችና ደጅ የቆመው ድሃ ሲካፈሉት ግን ጌጥ ይሆናል። እንግዲህ የሚቀጥለው ድግስ በየቤታችን ሲመከር፣ ቡና የምታፈላውን ሴት «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ብሎ መጠየቅ የመንፈሳዊነት መጀመሪያ ይሁን።